የእማዬ ስም ብቻ ያለበት የሠርግ ካርድ

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ ባለው ማተሚያ ቤት ቆሜ የራሴን የሠርግ ካርድ ለማሳተም ናሙና አገላብጥ ነበር። ሠርግ ስል ትልቅ ድግስ እንዳይመስላችሁ። ወረዳ ሄደን መዝገብ ላይ እንፈርማለን፤ ከዚያ ቤት ገብተን ከዘመድና ከቅርብ ጎረቤት ጋር ምሳ እንበላለን፤ በቃ። ወረዳ ያለችው ሠራተኛ የሚያስፈልገውን በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ሰጥታናለች፦ ያላገባ ማስረጃ፣ ጉርድ ፎቶ፣ መታወቂያ፣ ከሁለቱም ወገን ምስክሮች። እኔም እንደ ልማዴ ወረቀቷን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ፣ አንድ ነገር በጨረስኩ ቁጥር እያወጣሁ በእርሳስ እሰርዛለሁ። ካርድ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። እጮኛዬም በስልክ መልእክት ብንልክ ይበቃል ብሎ ነበር። እማዬ ናት እምቢ ያለችው። እሷ ሰው በወረቀት ካልተጠራ የተጠራ አይመስላትም።

ማተሚያ ቤቱ ከድሮው ብዙም አልተለወጠም። ባለቤቱ ጋሽ ሙክታር አርጅተው ቤት መዋል ጀምረዋል፤ አሁን ኮምፒውተሩ ላይ የምትቀመጠው ልጃቸው ናት። ሽታው ግን ያው ነው፤ የቀለም፣ የተቆረጠ ወረቀትና ትንሽ የጋለ ሙጫ ሽታ። የናሙና አልበሞቹም በመደርደሪያው ላይ እንደ ድሮው ተደርድረዋል። ጋሽ ሙክታር ካተሙት ካርድ ሁሉ አንዳንድ ያስቀሩ ነበር፤ በፕላስቲክ ኪስ እየከተቱ በአልበም ይይዙታል። ልጅቷ ሦስቱን አልበም ፊቴ አስቀምጣልኝ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሁለተኛውን ከመሐል ስገልጠው አንድ የክሬም ቀለም ያለው ካርድ አገኘሁ፤ ጠርዙ ላይ ሁለት ወርቃማ ርግቦች አሉ፤ የርግቦቹ ወርቅ በዕድሜ ብዛት ወደ ቡናማ ሄዷል። «ወይዘሮ ዘነበች ተሰማ የልጃቸውን የወይዘሪት ገነት ኃይሉን...» ይላል። ቀጥሎ የሙሽራው ስም፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ላፍቶ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው ባዘጋጁት የምሳ ግብዣ ላይ እንዲገኙላቸው በአክብሮት መጥራታቸው።

ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሁን ሠላሳዎቹን አጋምሻለሁ፤ ያኔ ሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ።

ያኔ ላፍቶ ዛሬ እንደምታዩት ሕንፃና ሱቅ ብቻ አልነበረም። ከቤታችን ጀርባ ጤፍ ይዘራ ነበር፤ ነፋስ ሲመጣ ማሳው ሲተኛና ሲነሳ ከመስኮታችን ይታያል። አስፋልቱ የሚያልቀው እኛ ሰፈር ሳይደርስ ነው። ክረምት ላይ ቦቲ አጥልቀን ጭቃውን እንወጣና ታክሲ መያዣው አጠገብ ካለችው ባለ ሱቅ ዘንድ ቦቲያችንን አስቀምጠን፣ በፌስታል የያዝነውን ንጹሕ ጫማ አድርገን ወደ ከተማ እንሄዳለን። የሰፈሩ ሴቶች ቦቲ ሁሉ ጥቁር ስለሆነ እማዬ የኔና የገነት ላይ ቀይ ክር አስራበት ነበር። ታክሲ አንድ ብር ከምናምን ሳንቲም ነው፤ ወያላው መልሱን አጥፎ በጣቶቹ መሐል ይይዘዋል። ከጥምቀት በኋላ ደግሞ ማዞሪያው ላይ ያለው ካሴት ቤት ከጠዋት እስከ ማታ የሠርግ ዘፈን ብቻ ነበር የሚያሰማው። ሚዜዎች ሐምራዊ ሳቲን ይለብሳሉ፤ ወንዶቹ ትከሻው የሰፋ ኮት ይከራያሉ፤ የቪዲዮ ቀራጩ በቀን ብርሃን ሳይቀር ዓይን የሚያጠፋ መብራት ይዞ ይገባል። ዛሬ የሠርግ ዘፈኑም ልብሱም ተለውጧል። የጤፉ ማሳ ያለበት ቦታ ላይ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ ከመስኮታችን የሚታየው የሌላ ሰው በረንዳና የተሰጣ ልብስ ነው።

አባቴን «ጋሽዬ» ነበር የምለው። ምክንያቱ እህቴ ገነት ናት። ገነት በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። እማዬ ጋሽዬን ስታገባ ገነትን የሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ታቅፋት ነው የመጣችው። የወለዳት አቶ ኃይሉ የሚባል ሰው ነው፤ ለሥራ ብሎ ከከተማ ወጥቶ፣ በሄደበት ሌላ ትዳር መሥርቶ ቀረ። እማዬ ልጅቷን «ጋሽዬ በይው» ብላ አስለመደቻት። እኔ ስወለድ ታላቄ የምትለውን ተከትዬ እኔም ጋሽዬ አልኩት። እንዲህ ሆኖ ሰውየው ሁለት ልጆች እያሉት አባዬ የሚለው ሳይኖር ኖረ። ነገሩን አንስቶ አያውቅም። በቤታችን ስለ አቶ ኃይሉም ተነስቶ አያውቅም። እኔ ራሴ ያወቅሁት ስድስተኛ ክፍል ሆኜ የገነትን የትምህርት ቤት ካርድ ሳይ ነው፤ ማንንም አልጠየቅሁም። መጠየቅ ያኔም አይሆንልኝም፤ ዛሬም አይሆንልኝም።

ጋሽዬ ቀን ቀን በአንድ የሳሙና ፋብሪካ መጋዘን ይሠራል፤ ከሥራ መልስና እሑድ ደግሞ የእድራችን ንብረት ያዥ ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ ትልልቁ ብረት ድስት ሁሉ ከቤታችን ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ቁልፉ በአንገቱ ላይ ነው። በሰፈሩ ሠርግ ሲኖር ከሁሉም ቀድሞ የሚገኘው እሱ ነው። ምሰሶ ያቆማል፣ ካስማ ይቀብራል፣ ሸራውን ይወጥራል። እንግዳ ገብቶ ሲዘፍን እሱ ከድንኳኑ ውጭ እየዞረ ገመድ ያጠብቃል። ምሳ የሚበላው መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱም ቆሞ። አንዳንዴ እኔንም ይወስደኝ ነበር። በልጅነቴ ከሠርግ የማውቀው ሙሽሮችን ሳይሆን ከሸራው ሥር የሚታየውን የእንግዳ ጫማ ነው።

አንድ ቀን ከእንዲህ ዓይነት ሠርግ ስንመለስ፣ በር ላይ ቆሞ እንግዳ የሚቀበለውን የሙሽራ አባት እያስታወሰ፣ አንድ ነገር ተናገረ። ብዙ የሚያወራ ሰው ስላልነበር ቃል በቃል ይዤዋለሁ።

«የኔ ተራ ሲደርስ ገመድ የሚባል አልነካም። ኮቴን ለብሼ በር ላይ ቆሜ ‹ግቡ፣ ግቡ› ብቻ ነው የምለው።»

«ነፋስ ቢመጣስ?» አልኩት።

«ነፋስ ቢመጣ ሌላ ሰው ይሩጥ።»

ገነት ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ በያዘች በሁለተኛው ዓመት ሽማግሌ መጣ። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ጉዳያቸውን ሳይናገሩ አንቀመጥም ብለው ቆመው ነበር የገቡት። በመጀመሪያው ቀን እንደ ወጉ መክረን እንነግራችኋለን ተብለው ተመለሱ። በሁለተኛው ሲመጡ ጋሽዬ ገና ሳይጠይቁት ነገሩን አወጣው። እኔ ከጓዳው በር ጀርባ ሆኜ እሰማለሁ።

«ልጅቷን የወለዳት ኃይሉ የሚባል ሰው ነው። ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ይህን ሳታውቁ እንድትወስዷት አልፈልግም» አላቸው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እኛ ልጅ የጠየቅነው ከዚህ ቤት ነው» አሉ።  ሲወጡ ጋሽዬ እስከ ታክሲ መያዣው ድረስ ሸኛቸው፤ ሲመለስ ቦቲውን ሳያወልቅ ቤት ገብቶ እማዬ ተቆጣችው። እሱ ግን ስትቆጣው ይስቅ ነበር።

ዝግጅቱ ሲጀመር ለእያንዳንዱ ሰው ሥራ ተሰጠ። ለኔ የደረሰኝ ካርዱ ነው፤ የተማርሽው አንቺ ነሽ ተብዬ። ደስ አለኝ። ሰው ፊት ቆሜ ከምናገር ይልቅ ተቀምጬ የምሠራው ሥራ ነበርና። ዓርብ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ጀመርኩ። ጋሽዬ ከመስኮቱ ማዶ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ የድንኳኑን ሸራ ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ በጆንያ መርፌ ይሰፋል። የራሱ ልጅ ሠርግ ላይ ቀዳዳ እንዳይታይ ነው። ሁለት ጊዜ ያህል ቀና ብሎ ጨረስሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ገና ነኝ አልኩት።

እኔ ጠንቃቃ ነኝ። ሁልጊዜም ጠንቃቃ ነበርኩ። የገነትን መታወቂያና ዲፕሎማ ፊቴ አስቀምጬ፣ የወንዱ ወገን አስቀድመው ያሳተሙትን ካርድ አጠገቡ ዘርግቼ ነው የጻፍኩት። የእነሱ ካርድ የሙሽራውን ስም እስከ አባቱ ስለሚጽፍ የእኛም መሟላት አለበት ብዬ አሰብኩ። «አቶ ደምሴ ወልደየስ እና ወይዘሮ ዘነበች ተሰማ የልጃቸውን የወይዘሪት ገነት ኃይሉን» ብዬ ጻፍኩና አነበብኩት። ሁለተኛ ሳነበው ፊቴ ጋለ። ደምሴ፣ ከዚያ ልጃቸው፣ ከዚያ ኃይሉ። ካርዱን የተቀበለ ሰው ሁሉ እዚያ ላይ ቆም ሲል፣ ሚስቱን ሲጠራ፣ አንብቢልኝ ሲል ታየኝ። እማዬና ጋሽዬ ወደ ላፍቶ ሲመጡ ገነት ሕፃን ስለነበረች ሰፈሩ የሚያውቀን የደምሴ ልጆች ብሎ ነው፤ ወይም እኔ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። የእማዬን ስም ሰው አፍ ውስጥ የምከተው እኔ ልሆን ነው አልኩ። የገነትን የአባት ስም መለወጥ ደግሞ ውሸት ነው፤ በኋላ ወረዳ ሲፈራረሙ የሚነበበው ስም ሌላ ነው። ገነትን ጠራኋት፤ ፀጉሯን ልትሠራ እየወጣች ነበር፤ ወረቀቱን በቁሟ አይታ «አንቺ ታውቂያለሽ፣ ደስ እንዳለሽ አድርጊው» ብላኝ ሄደች። እማዬ መርካቶ ነበረች። ካርዱ በማግስቱ ጠዋት ማተሚያ ቤት መድረስ አለበት። ጋሽዬን ልጠይቀው እችል ነበር፤ በመስኮቱ እጄን ብዘረጋ የሚሰፋውን ሸራ እነካዋለሁ። ግን እሱን ለመጠየቅ በቤታችን ተነስቶ የማያውቀውን ነገር ማንሳት ሊኖርብኝ ነው።

የሱን ስም ሰረዝኩት። የእማዬ ብቻ ቀረ። በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ አጥፌ ደብተሬ ውስጥ ከተትኩት። የቃል ግጭት የለበትም፤ ሁሉም ነገር ከማስረጃው ጋር ይስማማል። ሁሉንም ያዳንኩ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ጋሽ ሙክታር መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ከኋላዬ ሦስት ወንዶች ተራ ይጠብቃሉ። ጋሽ ሙክታር ቀና ብለው አባትየው በሕይወት የሉም ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ ካርድ በእናት ስም ብቻ የሚወጣው አባት ሲሞት ነውና። ይህን ወግ እኔም አላጣሁትም፤ ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላሰብኩትም። እዚያ ሰው ፊት ከየት ልጀምር? የወለዳት ሌላ ነው፣ ያሳደጋት ሌላ ነው ልበል? አንገቴን ነቀነቅሁ፤ የሉም ማለቴ ነበር። «ነፍስ ይማር» አሉ ጋሽ ሙክታር፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ከኋላዬ ካሉትም አንዱ ነፍስ ይማር አለ። እኔም አሜን አልኩ።

ካርዱ ታትሞ ሲመጣ እማዬ ናት መጀመሪያ ያየችው። አገላብጣ አየችና «ደምሴስ?» አለች። ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ እየተንተባተብኩ አስረዳኋት። አልጮኸችም፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለችና ካርዱን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፣ አቧራ እንዳለበት ሁሉ። እንደገና ለማሳተም ጊዜም ገንዘብም አልነበረም። ይህን እየተባባልን ሳለ ጋሽዬ ገባ። ማንበብ የተማረው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ሲያነብ ጣቱን ከፊደሉ ሥር ያስሄዳል። ጣቱ ከላይ ጀምሮ በቀስታ ሄደ፤ መጨረሻ ደረሰ፤ ከዚያ ወደ ላይ ተመልሶ የመጀመሪያው መስመር ላይ ቆመ። እኔ ጣቱን እንጂ ፊቱን አላየሁም።

«ወረቀቱ ወፍራም ነው፤ ጥሩ ነው» አለ። ቀጥሎ «ለማን ለማን ነው የማድለው?» ብሎ ጠየቀ።

እኔ አድላለሁ ብለውም እምቢ አለ። በአራት ቀን በእግሩ ላፍቶን ጨርሶ፣ ለቡ መብራት ኃይል ድረስ ሄዶ፣ መካኒሳ አቦ ያሉትን የድሮ ጎረቤቶቻችንን ሁሉ አዳረሰ። በአንዱ ቀን እኔም አብሬው ሄድኩ። የእድራችን ጸሐፊ ጋሽ ወርቁ ቤት ስንደርስ፣ እሳቸው ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ካርዱን ተቀብለው ጮክ ብለው አነበቡት። አንብበው ሲጨርሱ ጋሽዬን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ደምሴ፣ ሞትክ እንዴ?» አሉት። «እድሩ ሳይሰማ?»

ጋሽዬ ሳቀ። «እናንተን እንዳላስቸግር ብዬ ነው፤ ድንኳኑን ማን ይተክልላችኋል?»

«እውነትህን ነው። አንተማ ብትሞትም ተነስተህ ተክለህልን ነው የምትተኛው።»

ሁለቱም ሳቁ። እኔ መንገዱን ሁሉ ከኋላው ከኋላው ነው የሄድኩት። ከዚያ ቤት በኋላ ካርድ ሲሰጥ በሩ ላይ ብዙ አይቆምም ነበር፤ ካርዱን በሁለት እጁ ይሰጥና ሰዎቹ ሳይከፍቱት ይሰናበታል።

የሠርጉ ዕለት አዲስ ኮት ለበሰ። ለዚያ ቀን ብሎ ነው ያሰፋው፤ ግራጫ ነው፤ በውስጥ ኪሱ ላይ የልብስ ሰፊው ክር እንኳ አልተቆረጠም ነበር። እንግዳ መግባት ሲጀምር በድንኳኑ በር ላይ የቆመችው እማዬ ብቻ ናት። ሰዎች ከሷ ጋር ይሳሳሙና ዓይናቸው ወደ ጎን ይሄዳል፤ ማንን እንደሚፈልጉ ይገባኛል። ድንኳኑን ዞሬ ከጀርባው አገኘሁት። ኮቱ በአጥሩ ምስማር ላይ ተሰቅሏል፤ እጅጌውን ሰብስቦ ገመድ ይስባል።

«ጋሽዬ፣ እንግዳ እየገባ ነው እኮ። በር ላይ ቁም እንጂ።»

«እናትሽ አለች አይደል።»

«አንተን ይጠይቃሉ።»

ገመዱን በካስማው ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠመው። «ምሕረት፣ ሰው የሚመጣው እጁ ላይ ያለውን አንብቦ ነው። የጠራችው እሷ ናት። እኔ በር ላይ ብቆም እንደ ማን ሆኜ ነው የምቆመው?»

«እንደ አባቷ» አልኩት።

«እሱማ ነኝ» አለ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር። «ሂጂ፣ እንግዳ ተቀበይ። ይህ ጎን ነፋስ ሲነሳ ይላላል።»

ሙሽሮቹ ሊሄዱ ሲሉ ገነት የወላጆቿን ጉልበት ለመሳም ቆማ ፈለገችው። አስጠሩት፤ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ መጣ። ጉልበቱን ስትስም ጭቃ ያለበትን እጁን ከቬሏ አርቆ አየር ላይ ይዞት ቀረ። ቪዲዮው እስከ ዛሬ ቤት አለ። ጋሽዬ በሙሉ ሠርጉ ውስጥ የሚታየው ያኔ ብቻ ነው፤ ሌላ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከሸራው ሥር ጫማው ይታያል።

ከዚያ ወዲያ ዓመታት አለፉ። ገነት ሐዋሳ ገባች፤ ልጆች ወለደች፤ እነሱ አያቴ ይሉታል። እኔ ተመርቄ ሥራ ያዝኩ፤ ሁለተኛ ዲግሪ ጀመርኩ። እጮኛዬ እንጋባ ያለኝ የዛሬ አራት ዓመት ነው። ትምህርቴን ልጨርስ አልኩት፤ ቀጥሎ ቤት እስክናገኝ አልኩት፤ ሁሉም ነገር ተሟልቶ ካልሆነ የማልነሳ ሰው ነኝ። በዚህ መሐል ጋሽዬ ታመመ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መድኃኒቱን እያዋጥኩት ሳለ፣ ስንት ዓመት በሆዴ የያዝኩትን አወጣሁት። ያን ካርድ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ስምህን የሰረዝኩት እኔ ነኝ አልኩት። መጀመሪያ የትኛውን ካርድ አለኝ፣ እንዳላስታወሰ ሰው። ከዚያ ውኃውን ጠጥቶ ብርጭቆውን መለሰልኝና «የአንቺ ሲደርስ ታርሚዋለሽ» አለኝ። «ያንቺው አባት ስም ነው፤ የሚጋጭ የለውም። ትልቅ አድርገሽ ጻፊው።»

እሺ አልኩት። በዚያው ሳምንት እንኳ ለእጮኛዬ ደውዬ ቀን እንቁረጥ አላልኩትም። እንዲድን ልጠብቅ ብዬ አሰብኩ፤ ታሞ በር ላይ መቆም አይችልም ብዬ። ከሁለት ወር በኋላ አረፈ።

ለለቅሶው የእድሩ ድንኳን ተተከለ። የተከሉት ሌሎች ሰዎች ናቸው፤ በአንድ በኩል ረግቦ ሰው ሲገባ ራሱን ዝቅ ያደርግ ነበር። ገነት ከሐዋሳ ስትደርስ ከመኪና እንደወረደች «አባዬ» ብላ ጮኸች፤ በሕይወቷ ብላው አታውቅም። እኔ እንደለመድኩት ጋሽዬ ነበር ያልኩት። በሦስተኛው ቀን ጋሽ ወርቁ አጠገቤ ተቀምጠው ሲያጽናኑኝ፣ የእድሩን መዝገብ ሲጽፉ ያዩትን ጨዋታ አነሱልኝ። ጋሽዬ ወደ ሰፈሩ በመጣ ሰሞን ቤተሰቡን ሊያስመዘግብ እድሩ ስብሰባ ላይ መጥቶ፣ ‹ገነት ኃይሉ፣ ልጄ› ብሎ አስመዘገባት። እሳቸው ስሙን የተሳሳተ መስሏቸው ኃይሉ ነው ደምሴ ብለው ሲጠይቁት፣ ኃይሉ ብለህ ጻፍ፣ ልጄ ብለህ ጻፍ አላቸው። ስብሰባው ላይ ሃያ ሰው ነበር አሉ። ሰፈሩ ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቅ ነበር፤ አንድም ሰው አንስቶት አያውቅም። ሊነሳ የሚገባው ነገር አድርጎ የያዘው ሰው አልነበረም። የፈራሁት ሐሜት ገና ቦቲ ማድረግ ሳልጀምር አልቆ ነበር።

ይህን እያሰብኩ፣ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ እንደቆምኩ አልበሙን ቀስ ብዬ ገለበጥኩ። ከዚያ ካርድ ቀጥሎ ባለው ገጽ ላይ በዚያው ዘመን የታተመ የሌላ ሰው ካርድ አለ፤ የሙሽራዋን ስም ብቻ ነው የጻፈው፤ የአባት ስም የለውም። ‹የልጃቸውን የወይዘሪት አስቴርን› ይላል፤ ከላይ አባትና እናቷ አሉ። ይኸው ነበር ማድረግ የሚገባኝ፤ አንድ ስም መተው። የተውኩትማ አንድ ስም ነው፤ ግን የማይተወውን ተውኩ።

ልጅቷ ከኮምፒውተሩ ተነስታ መጣች። እጄ ያለበትን ገጽ አየችና ወደ መጀመሪያው ካርድ መልሳ ገለበጠችው።

«እህቴ፣ እሱን ነው የወደድሽው? ዲዛይኑን አሳምሬ አዲስ አደርግልሻለሁ። አጻጻፉ ግን እንዳለ ይሁን፤ ብዙ ሰው ነው የሚወስደው።»

«ብዙ ሰው?» አልኳት።

«አባት የሌላቸው ሁሉ። አባቴ ሥራ ሲያለማምደኝ፣ አባት የሌላት ሙሽራ ስትመጣ ብዙ አትጠይቂያት፣ ዝም ብለሽ ይህን አሳያት ነው ያለኝ። ከስሙ በቀር የሚለወጥ የለውም።» ትንሽ አመነታችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያንቺም አባት በሕይወት የሉም?»

«የሉም» አልኳት። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ መሆኑ ነው፤ አሁን ግን እውነቴን ነው።

«ነፍስ ይማር» አለችኝ።

የሞተ ሰው እንግዳ አይጠራም፤ ወጉ እንደዚያ ነው፤ ስሙን ትልቅ አድርጌ የምጽፍበት መስመር የለም። እሷ ተቀምጣ ጻፈች፤ እኔ ከትከሻዋ በላይ አነበብኩ። ወይዘሮ ዘነበች ተሰማ የልጃቸውን የወይዘሪት ምሕረት ደምሴን። እኔ ካቀናበርኩት ቃል አንድም አልተለወጠም። ስንቱ የሰፈራችን ልጅ አባቱን ቀብሮ መጥቶ በዚህ ዓረፍተ ነገር ሰው ጠርቶበታል። እኔ ስጽፈው ግን አባቴ ከመስኮቱ ማዶ ተቀምጦ ሸራ ይሰፋ ነበር፤ ቀና እያለም ጨረስሽ ወይ ይለኝ ነበር።